ቀለሙ ከማስኩ ስር ይገባል፣ ሳነሳው ደሞ ፊቱ አብሮ ይላጣል፦ ምን ላድርግ?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው፦ «1/10 ስኬል የሆነ (ከእውነተኛው መጠን አንድ አስረኛ) የሪዚን በስት፣ ማለትም ከጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ ከደረት በላይ ብቻ የሆነ ትንሽ የሰው ምስል፣ እየቀባሁ ነው። ፊቱን ሙሉ በሙሉ ጨርሻለሁ፣ ዓይኑም ጢሙም አልቋል። ከዛ ፊቱን በማስኪንግ ቴፕ (ቀለም እንዳይነካው መሸፈኛ ቴፕ) ሸፍኜ ካባውን በኤርብራሽ፣ ቀለም በአየር በሚነፋው መሣሪያ፣ ጥቁር ሰማያዊ ነፋሁት። ቴፑን ሳነሳው ሰማያዊው አገጩ ስርና አንገቱ ላይ ሰርጎ ገብቷል፣ ጉንጩ ላይ ደሞ ቀለሙ ከነፕራይመሩ (ከስሩ ከሚነፋው የመነሻ ቀለም ጋር) ተላጦ ሪዚኑ ታየ። የተሻለ ቴፕ ልግዛ ወይስ ሊኩዊድ ማስክ (ተቀብቶ ሲደርቅ እንደ ጎማ የሚላጥ ፈሳሽ) ይሻላል?»

አይዞህ ወንድሜ፣ ይሄ ነገር ያልደረሰበት ቀቢ ካለ ገና ማስክ ማድረግ ያልጀመረ ነው። ግን ጥያቄህ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ተደባልቀዋል፣ እነሱን ካልለየን መልስ አይገኝም። ሰማያዊው ሰርጎ መግባቱ የጠርዝ ችግር ነው። የጉንጩ መላጥ ደሞ የመሠረት ችግር ነው፣ ቴፑ ከመምጣቱ በፊት፣ ሪዚኑን ከካርቶኑ ያወጣህ ቀን የተጀመረ። ቴፕ መቀየር አንዱንም አይፈታልህም፣ እንዲያውም ከዚህ የባሰ የሚጣበቅ ከገዛህ በሚቀጥለው ከጉንጩ አልፎ አፍንጫውንም ይዞልህ ይመጣል።

ከመላጡ እንጀምር። «ከነፕራይመሩ» ያልካት ቃል ብዙ ነገር ነግራኛለች። ቀለሙ ተነስቶ ፕራይመሩ ቢቀር ኖሮ ችግሩ በሁለቱ መሃል ነው እንል ነበር፣ ወይ ቀለሙ በደንብ አልደረቀም ወይ በጣም ወፍሯል። ባዶ ሪዚን ከታየ ግን ፕራይመሩ መጀመሪያውኑ ሪዚኑን አልያዘውም። ሪዚን የሚፈሰው የሲሊኮን ሞልድ (ቅርፅ ማውጫ) ውስጥ ነው፣ ከሞልዱ በቀላሉ እንዲላቀቅ ብዙ ጊዜ ቅባት ነገር ይነፉበታል፣ እሱ ላዩ ላይ ይቀራል፣ በዓይን ደሞ ላታየው ትችላለህ። ስለዚህ ማንኛውም የሪዚን በስት ፕራይም ከመደረጉ በፊት ለብ ባለ ውሃ፣ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይታጠባል፣ በተለይ ጆሮ ጀርባ፣ አገጭ ስር፣ የልብስ እጥፋት ውስጥ። ከዛ በደንብ ይደርቃል። በ3ዲ ፕሪንተር የወጣ ከሆነ ደሞ ላዩ በጣትህ ሲነካ የሚያጣብቅ መሆን የለበትም፣ ካጣበቀ ገና አልበሰለም፣ ምንም ብትቀባበት አይዝልህም።

ሁለተኛው የፕራይመሩ ዓይነት ነው። ላከር ፕራይመር (በቲነር የሚቀጥነው) ላዩን ነክሶ ስለሚይዝ ቴፕ ሲነሳበት ብዙም አይበገርም። በውሃ የሚቀጥኑት የፖሊዩሬቴን ፕራይመሮች ግን ሲደርቁ እንደ ስስ ቆዳ ነገር ይሆናሉ፣ ሪዚኑን ይለብሱታል እንጂ አይነክሱትም፣ አንድ ቦታ ጫፉ ከተነሳ ተያይዞ ይመጣል። መጥፎ ናቸው እያልኩ አይደለም፣ ሽታ ስለሌላቸው እኔም ቤት ውስጥ እጠቀማቸዋለሁ፣ ግን ቢያንስ 24 ሰዓት፣ ቢቻል 48 ሳይሞላቸው ቴፕ አላስጠጋባቸውም። ሲነካ መድረቅና እስከ ውስጥ መድረቅ የተለያየ ነገር ነው፣ አክሪሊክ በ10 ደቂቃ ውስጥ የደረቀ ይመስላል ውስጡ ግን ገና ነው፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እዚህ ጋ ነው። (ላከር ከመረጥክ መስኮት ክፈት፣ ሬስፒሬተርም አድርግ። ማስክ ማስክ ስንል ለበስቱ ብቻ አይደለም፣ ለሳንባህም ነው።)

አንዴ ባለ ቆብ ወታደር በስት ነበረኝ፣ ሪዚኑ ንፁህ ስለመሰለኝ ሳላጥበው ፕራይም አደረግኩት፣ ሁለት ሳምንት ለፋሁበት፣ ከዛ ቆቡ ላይ 1 ሚሊሜትር መስመር ለማውጣት የለጠፍኳትን ቴፕ ሳነሳ ከግንባሩ ጀምሮ እስከ ጆሮው ድረስ ያለው ቀለም ፀሐይ ያቃጠለው ቆዳ እንደሚላጠው ተገሽልጦ መጣ። ዝም ብዬ አየሁት። ከዛን ቀን ወዲህ ሁሌ የማደርጋት ትንሽ ቴስት አለች፦ ፕራይመሩ ከደረቀ በኋላ በስቱ ከኋላ ወይ ከስር ማንም የማያየው ቦታ ላይ ቴፕ እለጥፋለሁ፣ በጥፍሬ አሸዋለሁ፣ አነሳዋለሁ። ይዞ ከመጣ እዛው አቁሜ አጥቤ እንደገና እጀምራለሁ፣ ያኔ የማጣው የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።

ሶስተኛ፣ የጨረስከው ፊት ላይ ቀጥታ ቴፕ ለጥፈሃል። መሃል ላይ ቫርኒሽ (ቀለሙን የሚጠብቅ ግልፅ ሽፋን) መኖር ነበረበት፣ ሳቲን (ትንሽ የሚያብረቀርቅ) ወይ ግሎስ (በጣም የሚያብረቀርቅ)፣ በስሱ ሁለት ዙር ተነፍቶ ያደረ። ግሎሱ አያስደንግጥህ፣ መጨረሻ ላይ ማት (የማያብረቀርቅ) ስትነፋበት ይጠፋል። ማት ቫርኒሽ ላይ ማስክ ማድረግ ግን አልወድም፣ ማት የሆነው በጣም ጥቃቅን ሸካራነት ስላለው ነው፣ ሸካራ ላይ ቴፕ ጠርዙ ሙሉ በሙሉ አይቀመጥም፣ ሊኩዊድ ማስክ ደሞ ውስጡ ገብቶ ይጨብጠዋል። ቴፑንም ከሮሉ ስታወጣው እንዳለ አትለጥፈው፣ መጀመሪያ ንፁህ መስታወት ላይ ሁለት ሶስቴ ለጥፈህ አንሳና ጉልበቱን ቀንሰው። እጃቸው ጀርባ ላይ የሚያደርጉት አሉ፣ እኔ አልወደውም፣ የቆዳ ቅባት ይዞ ይመጣል።

አሁን ወደ ሰማያዊው እንምጣ።

ማስኪንግ ቴፕ የተፈጠረው በ1925 ነው፣ 3ኤም ኩባንያ ውስጥ የሚሠራ ሪቻርድ ድሩ የሚባል ሰው ነው ያወጣው፣ ምክንያቱም ያኔ ሁለት ቀለም ያለው መኪና ፋሽን ነበር፣ ቀቢዎቹ ደሞ በሁለቱ ቀለም መሃል ያለው መስመር ንፁህ አልወጣ እያላቸው ተቸግረው ነበር። ይሄን የማነሳው ለታሪክ ብዬ አይደለም፣ ቴፕ ከመነሻው ለመኪና በር የታሰበ ነገር ነው፣ ለአገጭ አይደለም። ሰፊና ለስላሳ ነገር ላይ፣ ወይ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚታጠፍ ነገር ላይ አንደኛ ነው። የበስት አገጭና አንገት ግን ወደ ጎንም ወደ ታችም ይዞራል፣ ቴፑ ሁለቱንም መከተል ስለማይችል አንድ ቦታ ላይ ትንሽ ይነሳል፣ ስሩ ላይ የፀጉር ውፍረት የምታህል ዋሻ ትፈጠራለች። የቀጠነ ቀለም እዛ ዋሻ ጫፍ ላይ እርጥብ ሆኖ ካረፈ ራሱ ይሳባል፣ ውሃ ወደ ሶፍት እንደሚሳበው። አየሩ ደሞ ከኋላ ይገፋዋል።

ስለዚህ አነፋፍህም ድርሻ አለው። የአየር ግፊቱ 15 እስከ 20 ፒኤስአይ፣ ማለትም ከ1 እስከ 1.4 ባር አካባቢ በቂ ነው። አቅጣጫው ሁሌ ከማስኩ ወደ ውጭ ይሁን፣ ቴፑ ላይ ጀምረህ ወደ ካባው ትወጣለህ። ከካባው ወደ ቴፑ ከነፋህ ቀለሙን በራስህ እጅ ጠርዙ ስር እየከተትከው ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሶስት ዙሮች አቧራ ያረፈ እስኪመስሉ ስስ ይሁኑ፣ በየመሃሉ ይድረቁ። ቀለሙ ሲያርፍ እርጥብ ሆኖ ካብረቀረቀብህ አብዝተሃል፣ እጅህን ከትሪገሩ አንሳ። ብዙ ሰው ጥቁር ሰማያዊ በአንድ ዙር እንዲሸፍንለት ይፈልግና ጠርዙ ላይ ኩሬ ይሠራል፣ እሱ ወይ ይሰርጋል ወይ ሲደርቅ ጠርዙ ላይ እንደ ግድግዳ ቆሞ ይቀራል።

ከዚህ ሁሉ የምትበልጠው ዘዴ ግን አንድ ናት፣ ጠርዙን መጀመሪያ ስሩ ባለው ቀለም መዝጋት። ፊቱ የቆዳ ቀለም ከሆነ፣ ቴፑን ከለጠፍክ በኋላ ጠርዙ ላይ መጀመሪያ የምትነፋው ሰማያዊ አይደለም፣ ያንኑ የቆዳ ቀለም ነው። ዋሻ ካለች በቆዳ ቀለም ትሞላለች፣ የሰረገው ደሞ ከስሩ ጋር አንድ ስለሆነ አይታይም። ሲደርቅ ሰማያዊው መግቢያ ያጣል። በስት ፊት ላይ ብዙ የተቀላቀለ ጥላና ብርሃን ስላለ ቀለሙን መምታት ካስቸገረህ ክሊር ቫርኒሽ ንፋበት፣ ሥራው ያው ነው። ቴፕ የሚያሾልክባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ይሄን አንድ ነገር ቢያደርጉ ጥያቄያቸው እዛ ላይ ያልቃል ባይ ነኝ።

ለአንገትህ ግን ቴፕ ባትጠቀም ነው የምመክርህ። ፑቲ ተጠቀም። ፑቲ ስል ሁለት ዓይነት ነው ያለው፣ ሰው ያደባልቃቸዋል። አንደኛው ወረቀት ግድግዳ ላይ የሚለጠፍበት ብሉ ታክ ዓይነት ነው፣ የሰጠኸውን ቅርፅ ይዞ ይቆያል ግን ይጣበቃል። ሁለተኛው የሲሊኮን ፑቲ ነው፣ የልጆቹ ሲሊ ፑቲ፣ በ1943 ጄኔራል ኤሌክትሪክ ውስጥ የጎማ ምትክ ሲፈልጉ የሲሊኮን ዘይትና ቦሪክ አሲድ አዋህደው ያገኙት ነገር። ለጎማነት አልሆነም፣ ለእኛ ግን ሆነ። ስታነጥረው እንደ ጠጣር ይነጥራል፣ ዝም ብለህ ካስቀመጥከው ደሞ በዝግታ እንደ ፈሳሽ ይፈሳል። ውበቱም ጣጣውም እዛ ላይ ነው፦ ሁለት ሶስት ደቂቃ ስትጠብቀው ራሱ ሄዶ ስንጥቁን ይሞላልሃል፣ ረስተኸው ካደርክ ደሞ የማትፈልገው ቦታ ድረስ ይሄዳል። እኔ የሰንሰለት ጥሩር የለበሰ ባላባት ፊገር ላይ አድርጌው ተኝቼ፣ ጠዋት ስነሳ ፑቲው ቀለበቶቹ ውስጥ ገብቶ ተደላድሎ ጠበቀኝ። ሁለት ቀን በስቲኪኒ ስለቅም ነበር። አልኮል ያሟሟዋል፣ ግን አክሪሊኩንም አብሮ ያነሳዋል፣ ስለዚህ መፍትሄ አይሆንም። በአጭሩ ሲሊ ፑቲ ለጥፈህ፣ ነፍተህ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ታነሳዋለህ፣ ሸካራና ባለ ቀዳዳ ነገር ላይ ደሞ ጭራሽ አታስጠጋውም።

አንገቱ ላይ እኔ እንዲህ ነው የማደርገው። ብሉ ታኩን በጣቴ አሽቼ አሞቀውና 3 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ትል አድርጌ መስታወት ላይ አንከባልለዋለሁ። ትሉን የካባው ኮሌታ ከአንገቱ ጋር የሚገናኝበት መስመር ላይ፣ አንገቱ በኩል አስቀምጠዋለሁ፣ ገና ሳልጫን ዙሪያውን ጨርሼ። ከዛ ስቲኪኒ ጫፉን ድፍን አድርጌ ውሃ ነክሬ (ካልነከርከው ፑቲው ይከተለዋል) ከአንገቱ ወደ ኮሌታው እየገፋሁ አስጠጋዋለሁ፣ ስንጥቁ ውስጥ እስኪቀመጥ። አሁን መብራቱን ዝቅ አድርገህ ከጎን እየው። የፑቲው ግንባር ኮሌታው ላይ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፣ እንደ ግድግዳ። እንደ ትል ክብ ሆኖ ከቀረ ከስሩ ክፍተት አለ፣ ቀለሙ በዛ ገብቶ ጠርዙ ደብዛዛ ይሆናል። ይሄ ደብዛዛነት ግን ሁሌ ስህተት እንዳይመስልህ፣ ካሙፍላጅ (የወታደር ዝንጉርጉር ቀለም) ስትሠራ ሆን ብለህ ክብ ትሉን ሳትጫነው ትተወዋለህ፣ ለስላሳው ጠርዝ የሚመጣው ከዛች ክፍተት ነው። አንድ ፑቲ፣ ሁለት ጠርዝ፣ ልዩነቱ የጣትህ ግፊት ነው።

ሙሉ ፊቱን በፑቲ መድፈን አያስፈልግህም። ጠርዙን በፑቲ፣ የቀረውን በስስ የፕላስቲክ መጠቅለያ፣ ፕላስቲኩን ከፑቲው ጋር በቴፕ አያይዘው። ፓራፊልም (ሰም መሰል ስስ ላስቲክ) ካለህ ደሞ በጣም ጥሩ ነው፣ ስትስበው ይለጠጥና እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ሙጫ ስለሌለው ቀለም አይነቅልም። የላላ ፕላስቲክ ላይ ግን ተጠንቀቅ፣ አየሩ ሲያርገበግበው ላዩ ላይ የደረቀው ቀለም ቅርፊት ቅርፊት እየሆነ ይረግፍና ያልደረቀው ካባህ ላይ ያርፋል። አጥብቀህ ጠቅልለው።

ሊኩዊድ ማስክ ይሻላል ወይ ላልከው፣ ለፊት አልመክርህም። አብዛኞቹ ላቴክስ ናቸው፣ አሞኒያ አላቸው፣ ሽታው ራሱ ይነግርሃል፣ ትኩስ አክሪሊክ ላይ አልፎ አልፎ ያበላሻል። ዋናው ችግር ግን ጠርዙ ነው፣ የምትቀባው በብሩሽ ስለሆነ መስመሩ የሚወጣው በእጅህ ልክ ነው፣ እጅህ እንደዛ ንፁህ መስመር ማውጣት ከቻለ ደሞ ቀለሙን ራሱን በብሩሽ ብትቀባው ምን አለበት? ቦታው ግን አለው፦ ትንንሽ ቁልፎች፣ የቀበቶ ዘለበት፣ የተቀባ ዕንቁ፣ ብቻውን ጎልቶ የወጣ ለስላሳ ነገር። ፀጉር፣ ጢም፣ ሱፍ ላይ በጭራሽ። ጠርሙሱን አትነቅንቀው፣ አረፋ ይሠራል፣ አረፋው ሲደርቅ ቀዳዳ ይሆናል። አሮጌ ብሩሽ መጀመሪያ ፈሳሽ ሳሙና ውስጥ ነክረህ ተጠቀም፣ ካልሆነ ብሩሹን ቅበረው። ወፈር አድርገህ ቀባ፣ ስስ ከሆነ ስታነሳው እየተበጣጠሰ ፍርፋሪ በፍርፋሪ ነው የምትለቅመው። ወፍራሙ ግን አንዱን ጫፍ በወረንጦ ስትይዘው ሙሉውን እንደ ጎማ ተስቦ ይመጣል። ቀናት አታቆየው፣ በነፋኸው ቀን አንሳው።

አሁን ደሞ የማይቀርልህ ወቀሳ፦ ቅደም ተከተልህ። ፊቱን ከነዓይኑ ከነጢሙ ጨርሰህ ከዛ ነው ማስክ ያደረግከው። በስት ላይ ሰው የሚያየው ፊት ነው፣ ከ100 ሰዓት 60ውን እዛ ላይ አፍስሰህ ከዛ ሙጫ ትለጥፍበታለህ? እኔ ፊት ላይ በኤርብራሽ የምሠራው መሠረቱን ብቻ ነው፣ መካከለኛ ቀለም፣ ከላይ ብርሃን፣ ከስር ጥላ፣ ጉንጭና አፍንጫ ላይ ትንሽ ቀይ። ቫርኒሽ፣ ማስክ፣ ካባ። ማስኩ ከተነሳ በኋላ ነው ዓይን፣ ከንፈር፣ ጢም በብሩሽ የሚጀመረው። ያኔ ትንሽ ቢላጥ ወይ ቢሰርግ በሚመጣው ሥራ ይሸፈናል። ከዚህ ሌላ ፈዛዛው ይቀድማል ጥቁሩ ይከተላል፣ ምክንያቱም ጥቁር ፈዛዛውን በቀላሉ ይሸፍነዋል፣ ተገላቢጦሹ ግን አምስት ዙር ይፈልጋል። ለመሸፈን ቀላል የሆነውም ይቅደም፣ ፊት በፑቲ ይሸፈናል፣ ሙሉ ካባን በፑቲ የሚሸፍን ግን ጊዜ የተረፈው ሰው ነው። ሜታሊክ ላይ ደሞ ቴፕ ስትለጥፍ በጣም ተጠንቀቅ፣ ቅንጣቶቹ በቀላሉ ይነሳሉ፣ መጀመሪያ ቫርኒሽ።

እና ከሁሉም የሚሻለው ማስክ፣ ማስክ አለማድረግ ነው። ብዙ በስቶች ጭንቅላቱ ለብቻው ነው የሚመጡት፣ አንተ መጀመሪያ ስላጣበቅከው ነው እዚህ የደረስነው። አንገቱ ኮሌታ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ሽቦ ሰክተህ ቡሽ ላይ ትተክለውና ለብቻው ትቀባዋለህ፣ ካባውን ለብቻው፣ መጨረሻ ላይ ታገናኛለህ። መገጣጠሚያው የሚታይ ከሆነ ብቻ ነው ቀድሞ የሚጣበቀው። ጥቂት ሰው ይሄን እንደ ማጭበርበር ያየዋል መሰለኝ፣ አይደለም።

ማስክ ከመሥራትህ በፊትም ራስህን ጠይቅ፣ እዚህ ጋ የምፈልገው ጠርዝ ስል ነው ወይስ ለስላሳ? ስል ካልሆነ ምንም አትለጥፍ፣ ወረቀት በእጅህ ያዝበት። ወፍራም ወረቀት ቆርጠህ ከላዩ 2 ወይ 3 ሚሊሜትር ከፍ አድርገህ ይዘህ ስትነፋ በአንድ በኩል የቆመ በሌላ በኩል የሚሟሟ ጥላ ይወጣል፣ የቆብ ጥላ ግንባር ላይ ሲወድቅ በትክክል እንደዛ ነው። ከራቀ ይለሰልሳል፣ ከቀረበ ይሰላል። ወረቀቱን በእጅህ ቀደህ ካደረግከው ጠርዙ ያልተስተካከለ ይሆናል፣ ለቆሻሻና ለደመና ነገር ይሆናል። ግፊቱን ቀንስ ብቻ፣ አለበለዚያ ወረቀቱ ይንቀጠቀጥብሃል።

ካባው ላይ መስመር ወይ ጥለት ልታወጣ ካሰብክ ቴፕ እዛ ላይ ነው ጌታው። የታሚያ (የጃፓኑ የሞዴል ዕቃ አምራች) ቢጫው ቴፕ በ2፣ በ3 እና በ5 ሚሊሜትር ይገኛል፣ ለሚዞር መስመር ደሞ ነጩ የቪኒል ቴፕ አለ፣ ይለጠጣል። መጀመሪያ መስመሩን በቀጭኑ አውጣ፣ ከዛ ከኋላው ያለውን ሰፊ ቦታ በተራ ቴፕ ሙላ። ቴፕ ስትቆርጥ መስታወት ላይ፣ በአዲስ ምላጭ ይሁን፣ ምላጭ ቆጥበህ ሀብታም አትሆንም። ቢጫው ቴፕ ወረቀት ስለሆነ አሮጌ ምላጭ አይቆርጠውም፣ ይቀደዋል፣ የተቀደደ ጠርዝ ደሞ ፀጉር ያበቀለ መስመር ነው የሚሰጥህ። የልብስ እጥፋት ላይ ስትለጥፍ ከሸለቆው ጀምር፣ መጀመሪያ ቴፑን እጥፋቱ ውስጥ አስቀምጠው ከዛ ወደ ጉብታው አውጣው። ከጉብታ ወደ ጉብታ ዘርግተህ ከዛ ወደ ውስጥ ከተጫንከው ዛሬ ይቀመጣል፣ ስትነፋ ይነሳል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስታት ነገር አለች፣ መስመሩ ተነፍቶ ማስኩ ሲነሳ ጥለቱ ካባው ላይ የተለጠፈ ስቲከር ይመስላል፣ ምክንያቱም የካባው ጥላ በመስመሩ ላይ አያልፍም። ማስኩን ካነሳህ በኋላ ቀለሙን በጣም አቅጥነህ፣ ኢንክ (በጣም ቀጭን፣ ስሩን የሚያሳይ ቀለም) ቢሆን ይሻላል፣ እጥፋቶቹ ውስጥ በካባውም በመስመሩም ላይ አንድ ላይ ንፋ። ያኔ ነው ጨርቁ ውስጥ የተሸመነ የሚመስለው።

28 ሚሊሜትር ቁመት ያላት ትንሽ ፊገር ላይ ግን ይሄን ሁሉ አትሞክር። ቀበቶ ለመቀባት 40 ደቂቃ ማስክ ከምታደርግ በ5 ደቂቃ በብሩሽ ጨርሰው።

ሲነሳ እንዴት? ቀለሙ ሲነካ ከደረቀ በቂ ነው፣ ለአክሪሊክ ግማሽ ሰዓት ገደማ፣ ከዛ ብዙ አታቆየው። ቀለሙ በጣም ከጠነከረ ቴፑና ካባው ላይ አንድ ቆዳ ሆኖ ይያያዛል፣ ስታነሳው ጠርዙ ይሰነጠቃል። እንደዛ ከሆነብህ በአዲስ ምላጭ ጠርዙን በጣም በስሱ አስምርበት። ቴፑን ወደ ላይ አትጎትተው፣ ራሱ ላይ መልሰህ እጠፈውና ከላዩ ጋር ሊነካካ ትንሽ እስኪቀረው ዝቅ አድርገህ፣ ከአዲሱ ቀለም ወደ ውጭ በዝግታ ሳበው። እምቢ ካለህ በፀጉር ማድረቂያ ትንሽ አሙቀው፣ ሙጫው ይለሰልሳል። የፑቲ ቅሪት ካለ በጣት አትፈትገው፣ ያንኑ ፑቲ ኳስ አድርገህ ጠቅ ጠቅ እያደረግክ አንሳው። ጠርዙ ላይ እርከን ከቀረ 2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በውሃ፣ ሁለት ሶስቴ ብቻ።

አሁን እጅህ ላይ ላለው በስት። አንገቱ ላይ የሰረገው ሰማያዊ ከግማሽ ሚሊሜትር ካልበለጠ አትጨነቅበት፣ አገጭ ስርና ኮሌታ አካባቢ መሆን ያለበት ጥላ ነው። ጥቁር ቡናማ ላይ ከዛው ሰማያዊ ጠብታ ቀላቅለህ በቀጭን ብሩሽ ቆዳው ከኮሌታው የሚገናኝበትን ስንጥቅ አስምርበት፣ ሰማያዊው እዛ ጥላ ውስጥ ይጠፋል። ከዛ በላይ የሄደውን በቆዳ ቀለም በስሱ ሶስት አራት ዙር መልሰው።

ጉንጩን ግን ከመጠገንህ በፊት በሌላኛው ጉንጭ ላይ ጉልበቱ የተቀነሰ ቴፕ ለጥፈህ አንሳ። እንደምትፈራው አውቃለሁ፣ አድርገው ግን። ካልተነሳ ችግሩ የዛች ቦታ ብቻ ነው፣ ጣትህ ነክቶት ይሆናል፦ የተላጠውን ዳር ዳሩን በ1500 እና በ2000 ወረቀት በውሃ አሽተህ እርከኑን አጥፋው፣ በጣም ስስ ፕራይመር እዛች ቦታ ብቻ፣ ከዛ ቀለሙን ከመሃል ወደ ዳር እያሳሳህ መልስ። ከተነሳ ግን ጭንቅላቱ በሙሉ በቅባት ላይ ነው የቆመው፣ ብትጠግነውም አንድ ቀን ስታጓጉዘው ይላጣል። አይሶፕሮፒል አልኮል ውስጥ 20 ደቂቃ ነክረህ በጥርስ ብሩሽ አውርደው፣ ብዙ ሰዓት ግን አትዘፍዝፈው። በሳሙና እጠብ፣ አድርቅ፣ ፕራይም አድርግ፣ ሁለት ቀን ተወው፣ የቴፕ ቴስቷን አድርግ። ዓይኑን በዚህኛው ዙር ካባው ካለቀ በኋላ ሥራው።